በምሽግ የወደቁትና በኮሮጆው ፊት የቆሙት፦ የምላሽ ጽሑፍ

በጦርነት ጊዜ ስለሚካሄድ ምርጫና ለተሰዉ ወታደሮች ስለሚሰጥ ክብር በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁ። በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለወደቁት ወታደሮች ያላቸው አክብሮትም ከልብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ያንን አክብሮት የገነቡት የሌሎችን ሰዎች ድፍረት በማሳነስ ላይ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ማለፉ ከበደኝ።

ጸሐፊው መነሻ ያደረጉት የኢራቅን ምርጫ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 2005 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢራቃውያን 275 መቀመጫ ያለውን የሽግግር ብሔራዊ ጉባኤ መረጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በዋሽንግተን ዓመታዊ ንግግራቸውን ሲያደርጉ፣ አባታቸው በ1994 ቤይሩት ውስጥ በሳዳም ሁሴን መንግሥት ሰላዮች የተገደሉባቸው አንዲት ኢራቃዊት መራጭና ልጃቸው በፋሉጃ ውጊያ የወደቀባቸው አንዲት አሜሪካዊት እናት በምክር ቤቱ ሰገነት ላይ ተቃቀፉ። ጸሐፊው ይህን መተቃቀፍ ይነቅፋሉ። ከዚያም አራት ነገር ይላሉ፦ መራጩን ከወደቀው ወታደር ጎን ማቆም የወታደሩን ክብር ያረክሳል፤ በጠመንጃ ጥላ ሥር የሚደረግ ምርጫ ትዕይንት ስለሆነ መራጩ መሣሪያ እንጂ ጀግና አይደለም፤ ወታደሩን የሚያከብር ሕዝብ መሣሪያው ዝም እስኪል ምርጫውን ማቆየት አለበት፤ በመጨረሻም ሕዝቡ በጦርነቱ ዓላማ ላይ አንድ ድምፅ ካልሆነ የወደቁት ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። በመደምደሚያቸው የወደቁት ወታደሮችና መራጮቹ ፈጽሞ በአንድ መታሰቢያ እንዳይነሡ ይጠይቃሉ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጸሐፊው ወታደሩ ወራትን በምሽግ ሲያሳልፍ መራጩ የሚሰጠው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው ይላሉ። በጊዜ ርዝመት ከለካነው ልክ ናቸው። ነገር ግን የመራጩ አደጋ የተሰለፈባት ሰዓት ላይ አያበቃም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድምፅ እንዳይሰጥ ለመከላከል ጣቱ የማይለቅ ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙ ለቀናት ይቆያል። ምርጫውን ንጹሕ ለማድረግ የተበጀው ምልክት፣ ታጣቂዎች በሚቆጣጠሩት መንገድ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው በገዛ አካሉ የተሸከመው የክስ ማስረጃ ይሆናል። ኢራቅ ውስጥ ታጣቂዎች ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ እንደሚገደል በበራሪ ወረቀትና በድምፅ መልእክት አስጠንቅቀው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ባዶ ቃል ስላልነበረም በምርጫው ዕለት በተፈጸሙት ጥቃቶች አጥፍቶ ጠፊዎቹን ጨምሮ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲያም ሆኖ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ።

ይህ በኢራቅ ብቻ የታየ አይደለም። በሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 1996 የተደረገውን ምርጫ ለማደናቀፍ አማፅያኑ የሰዎችን እጅ ቆርጠዋል፤ የቆረጡትም ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ነው ብለው ነው። በአፍጋኒስታን ጁን 14 ቀን 2014 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ በሄራት ግዛት 11 ሰዎች ድምፅ ሰጥታችኋል ተብለው ጣታቸው ተቆርጧል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ አልያዙም፤ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ ቢቆስሉ የሚያነሣቸው ጓድ ከጎናቸው አልተመደበም፤ ሂዱ ብሎ ያዘዛቸውም አዛዥ የለም። ይህን የምለው መራጩ ከወታደሩ ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ማንሣት በራሱ ነውር ይመስለኛል። የምለው የሁለቱ ድፍረት ዓይነቱ ይለያል ነው። ወታደሩ ሞትን የሚጋፈጠው በቃል ኪዳንና በግዳጅ ታስሮ፣ ከጎኑ ያሉትን ጓዶቹን ላለመክዳት ነው። መራጩ ደግሞ ማንም ሳያስገድደው፣ ቤቱ ቢቀር ማንም ሳይወቅሰው፣ ብቻውን ወስኖ ይወጣል። አንደኛውን ማክበር ከሌላኛው ክብር የሚቀንሰው ክብር እንደ ስንቅ ተመዝኖ የሚታደል ቢሆን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ እወዳለሁ። የመራጩን ድፍረት ሳወድስ ቤቱ የቀረውን ሰው ፈሪ ማለቴ አይደለም። በዚያው በ2005 ምርጫ በአንባር ግዛት ድምፅ የሰጠው ሰው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከቀሩት መካከል ምርጫው በውጭ ጦር ቁጥጥር ሥር መካሄዱን ተቃውሞ አውቆ የቀረ አለ፤ ቢወጣ ልጆቹን የሚያሳድግለት እንደሌለ አስቦ የቀረም አለ። ድፍረት ከሌላው ሰው በግድ የሚጠየቅ ግብር ስላልሆነ፣ ጸሐፊው መራጮችን የሚያወድሱ ሰዎች በቀሩት ላይ ሲሳለቁ አይቻለሁ ባሉት ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስድቡ ተገቢ አልነበረም።

ነገር ግን በዚህ የመጀመሪያ ነጥብ ውስጥ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ታሪክ አለ፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው እርሱ ነው። ወታደሩና ድምፅ መስጫው ዝምድናቸው የቆየ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በብሪታንያ ከጎልማሳ ወንዶች ውስጥ በርካቶች፣ ከሴቶች ደግሞ አንዳቸውም በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። በፈረንሳይና በቤልጅየም ምሽጎች ከወደቁት ወታደሮች ብዙዎቹ አንድም ቀን ሳይመርጡ የሞቱ ናቸው። አገሪቱ በፌብሩዋሪ 1918፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ሕጓን ስትለውጥ፣ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ወንዶች ሁሉና የተወሰነ መስፈርት ለሚያሟሉ ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች መብቱን ፈቀደች፤ በጦርነቱ ላገለገሉ ወንዶች ግን ዕድሜው ወደ 19 ዝቅ እንዲል ተደረገ። በአሜሪካም የምርጫ ዕድሜ በ1971 ከ21 ወደ 18 ዝቅ ያለው፣ ወደ ቬትናም ለመላክና ለመሞት ያልተነሰ ዕድሜ ላኪዎቹን ለመምረጥ እንዴት ያንሳል የሚለው ክርክር ስላሸነፈ ነው። ስለዚህ ድምፅ የመስጠት መብት ሲሰፋ በሁለቱም አገሮች ከምክንያቶቹ አንዱ የወደቁት ወታደሮች ነበሩ። በእነርሱ ሞት ምክንያት የተገኘውን መብት በአደጋ ውስጥ የተጠቀመበት ሰው እንዴት አድርጎ ነው ክብራቸውን የሚያረክሰው?

የመቃብራቸውንም አሠራር ላንሣ። በ1917 የተቋቋመው የብሪታንያ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ብዙ ካከራከረ በኋላ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፦ የጄኔራሉም የተራው ወታደርም የመቃብር ድንጋይ በመጠንም በቅርጽም አንድ ይሁን፤ የሀብታም ቤተሰብ ለልጁ የተለየ ሐውልት አያቁም። በወቅቱ ብዙ ሐዘንተኛ ቤተሰቦችን ያስቆጣ ውሳኔ ነበር። በኮሮጆው ፊትም ሕጉ ይኸው ነው፤ የሚኒስትሩም የበር ጠባቂውም ወረቀት ሲቆጠር እኩል አንድ ነው። ይህን እኩልነት ወታደሩ ከሞተ በኋላ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሰጠነው ከሆነ፣ መራጩ በሕይወት ሳለ ሊይዘው ሲወጣ እንደ ባዕድ ነገር ልናየው አይገባም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጸሐፊው በጠመንጃ ጥላ ሥር የሚደረግ ምርጫ ትዕይንት ነው ሲሉ የሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አብዛኞቹ እውነት ናቸው። በኢራቅ ብዙ ዕጩዎች እንዳይገደሉ ተሰግቶ ስማቸው እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ ሳይገለጽ ቆይቷል፤ መራጩ ዝርዝሩን እንጂ ሰውየውን አያውቅም ነበር። ጦርነቱ የተጀመረበት ምክንያት የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም አልተገኘም። በሰገነቱ ላይ የታየውን መተቃቀፍ ፖለቲከኞች ለራሳቸው ጥቅም እንዳዋሉትም አልክድም። ስለ መንግሥታቱ የተጻፈውን ወቀሳ በሙሉ ተቀብዬም ግን ስለ መራጩ የተደረሰበት ድምዳሜ ከዚያ ሲወጣ አይታየኝም። ድግሱን የደገሰው ሰው ሐሳቡ ጠማማ ስለሆነ የእንግዳው ረኀብ ውሸት ነው እንደማለት ነው።

የአፍጋኒስታኑን ሁኔታ ጠጋ ብለን እንየው። በ2014 ሕዝቡ ዛቻውን ችሎ ሁለት ጊዜ ወጣ። ከዚያ በኋላ የማጭበርበር ክስ ተነሣ፤ ወራት የፈጀ ውዝግብ ተከተለ፤ በሴፕቴምበር ሁለቱ ተፎካካሪዎች ሥልጣን ለመጋራት ተፈራረሙ። ጣታቸው የተቆረጠባቸው የሄራት ሰዎች የሰጡት ድምፅ መጨረሻው የፖለቲከኞች ስምምነት ሆነ። ይህ ያሳፍራል፤ ግን የሚያሳፍረው ማንን ነው? ድምፁን የሰጠው ሰው ድርሻውን በሙሉ ተወጥቷል፤ የጎደለው የቆጣሪዎቹና የተቀባዮቹ ድርሻ ነው። በካምቦዲያም በ1993 ክሜር ሩዥ የተባለው አማፂ ቡድን እየዛተ ከተመዘገበው መራጭ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ድምፅ ሰጠ፤ የተሸነፈው ገዥ ፓርቲ ግን ሥልጣኑን በሙሉ አልለቅም ብሎ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በአንድ ወንበር እንዲቀመጡ አስገደደ። አንድ ወታደር ይዞት የሞተውን ኮረብታ አዛዦቹ በማግስቱ ቢለቁት ወታደሩ ፈሪ ነበር አንልም። ለመራጩስ ሌላ ፍርድ የሚሰጠው በምን ሕግ ነው?

ጸሐፊው ጨርሶ ያልጠቀሱት አንድ ምርጫም አለ፤ ይህንን ቢያነሡ ኖሮ ሁለተኛው ነጥብ እንዲህ ተዝናንቶ ባልተጻፈ ነበር። ኦገስት 30 ቀን 1999 የምሥራቅ ቲሞር ሕዝብ ከኢንዶኔዥያ ጋር በልዩ ራስ ገዝነት ይኑር ወይስ ይለይ የሚለውን ለመወሰን ድምፅ ሰጠ። በኢንዶኔዥያ ጦር የሚደገፉ ታጣቂ ቡድኖች ከወራት በፊት ጀምሮ ሰው ይገድሉ፣ መንደር ያቃጥሉ ነበር። ጠመንጃው በግልጽ የቆመው መለየትን በሚቃወመው ወገን በኩል ነበር። እንግዲህ በጸሐፊው አስተሳሰብ ሕዝቡ በጠመንጃው ጥላ ሥር ስለሆነ ጠመንጃ የያዘው የፈለገውን መምረጥ ነበረበት። የሆነው ግን ከተመዘገበው መራጭ 98 በመቶ በላይ ወጥቶ 78.5 በመቶው መለየትን መረጠ። ውጤቱ ሴፕቴምበር 4 ቀን ሲነገር ታጣቂዎቹ ዋና ከተማዋን ዲሊን አቃጠሉ፤ በዚያ ዓመት ከ1,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ከቤታቸው ተባረሩ። ሰዎቹ ይህ ሊመጣ እንደሚችል እያወቁ ነው ያንን ምልክት በወረቀቱ ላይ ያደረጉት። ለ24 ዓመታት በተራራ ላይ ሲዋጉ የኖሩት የነጻነት ታጋዮችም በምርጫው ወቅት በተመደበላቸው ሰፈር ተሰብስበው እንዲቆዩ ታዘው ነበር። ወጥተው ቢዋጉ ድምፅ መስጫው የእርስ በርስ ጦርነት ተብሎ ይበላሻልና፣ ወገናቸው እየተገደለና ቤት እየነደደ ጭሱን እያዩ ትእዛዙን አክብረው ቆዩ። ለአንድ ታጋይ ከዚህ የሚከብድ ግዳጅ ይኖራል ብዬ አላምንም። በዚያች አገር ታጋዩና መራጩ እየተጠባበቁና አንዱ ለሌላው እየታገሠ ነጻነቱን አብረው አመጡት፤ አገሪቱም ሜይ 20 ቀን 2002 ነጻ ሆነች።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ምርጫው ይቆይ የሚለው፣ ግማሹ ያስማማኛል። በጦርነት ጊዜ ምርጫን ማቆየት ሁልጊዜ አምባገነንነት አይደለም። ብሪታንያ በ1940 ማድረግ የነበረባትን ምርጫ በየዓመቱ በሕግ እያራዘመች እስከ 1945 አቆይታለች፤ የዩክሬን ሕግም በወታደራዊ አስተዳደር ዘመን ምርጫ ማድረግን ይከለክላል። ግዛት በተያዘበት፣ ሚሊዮኖች በተሰደዱበትና ሚሳኤል በሚዘንብበት ጊዜ ሁሉንም ዜጋ እኩል ማስመረጥ ስለማይቻል፣ ማቆየቱ አሳማኝ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ጸሐፊው ግን የሚሉት ይህን አይደለም። እርሳቸው የሚሉት ወታደሩ እየሞተ ኋላ የቀረው ሕዝብ ለድምፅ መሰለፉ ወታደሩን መናቅ ነው የሚል ነው። ይህንን ወታደሮቹ ራሳቸው አልተቀበሉትም።

በ1864 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፋፋም አብርሃም ሊንከን ምርጫውን እንዲያራዝሙ የመከሯቸው ነበሩ። እርሳቸው ራሳቸው ኦገስት 23 ቀን በጻፉት ማስታወሻ እንደማይመረጡ ገምተው፣ ተመራጩን እንዴት እንደሚያግዙ አስፍረው፣ የካቢኔ አባሎቻቸውን ሳያነቡት አስፈርመዋቸው ነበር። የሚፎካከራቸው ቀደም ሲል ጦሩን ይመራ የነበረው ጄኔራል ማክሌላን ነበር፤ ፓርቲው ደግሞ ተኩስ ይቁም የሚል መርሐ ግብር አውጥቷል። እንዲያም ሆኖ ምርጫው ኖቬምበር 8 ቀን ተካሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ሊንከን ለደስታ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገሩ፣ ዐመፁ ምርጫችንን እንድንተው ወይም እንድናራዝም ካስገደደን ያኔውኑ አሸንፎናል ማለት ይቻላል የሚል ፍሬ ሐሳብ አስቀመጡ። የዚያ ምርጫ ትልቁ ነገር ግን ወታደሮቹ በሰፈራቸው ሆነው መምረጣቸው ነው። 19 የሰሜን ግዛቶች በግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ድምፅ እንዲሰጥ ሕጋቸውን አሻሽለው ነበር። ተለይቶ ከተቆጠረው የወታደሮች ድምፅ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጦርነቱ እንዲቀጥል ለሚፈልጉት ለሊንከን ሆነ። ከዚያ ሰላም ቢመጣ መጀመሪያ ወደ ቤቱ የሚገባው ወታደሩ ነበር፤ ሞቱም ቢቀጥል መጀመሪያ የሚወድቀው እርሱ ነው። ታዲያ የራሱን ዕጣ በወረቀት ላይ የወሰነ ሰው፣ ሌሎች በመምረጣቸው ተናቅሁ ይላልን?

ብሪታንያም ብትሆን ምርጫውን ስታካሂድ ወታደሩን አልዘለለችም። ጀርመን ሜይ 1945 እጅ ሰጠች፤ ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 5 ቀን ነበር፤ ውጤቱ የተነገረው ግን ጁላይ 26 ቀን ነው፤ ምክንያቱም በውጭ አገር ያሉት ወታደሮች ድምፅ ተጓጉዞ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት። ከጃፓን ጋር የሚደረገው ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። በውጤቱም አገሪቱን በክፉው ዘመን የመሩት ቸርችል ተሸነፉ። ሕዝቡና ወታደሩ መሪያቸውን ያሰናበቱት የወደቁትን ስለ ረሱ አልነበረም፤ የተረፉት ወደ ምን ዓይነት አገር ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ስላሳሰባቸው ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ሐዘንን መሣሪያ ያደርጋል። ሕዝቡ በጦርነቱ ዓላማ ላይ ካልተስማማ የወደቁት ደም ደመ ከልብ ይሆናል የሚለው አባባል ለሐዘንተኛ ጆሮ እጅግ ይከብዳል። መርዶ የደረሰው ወላጅ ሁሉ ልጄ በከንቱ አልሞተም የሚል ቃል መስማት ይፈልጋል፤ ይህን የማይፈልግ ልብ የለም። ግን አባባሉ ወዴት እንደሚወስድ እናስተውል። የሞቱት በከንቱ እንዳይሆኑ ጦርነቱ ይቀጥል ከተባለ፣ ነገ የሚሞቱትም ለከነገ ወዲያው ተመሳሳይ ምክንያት ይሆናሉ፤ በዚህ ስሌት የሟቾች ቁጥር በጨመረ መጠን ማቆም ይበልጥ የማይቻል ይሆናል። ሙታን በሕይወት ያሉትን ወደ መቃብር የሚጠሩ አዛዦች ተደረጉ ማለት ነው። ይህንን እነርሱ አልጠየቁም።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥባቸው ሊንከን በጌቲስበርግ ያደረጉትን ንግግር በምስክርነት ጠርተዋል፤ እኔም በዚያው ምስክር መልስ መስጠት እፈልጋለሁ። በጁላይ 1863 ለሦስት ቀን በተደረገው ውጊያ ከሁለቱም ወገን 7,000 ያህል ወታደሮች ሞቱ። ኖቬምበር 19 ቀን የመቃብሩ ስፍራ ሲመረቅ ሊንከን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተናገሩ። የወደቁት በከንቱ እንዳይሆኑ ሲሉ ሕያዋኑን አደራ አሉ፤ እውነት ነው። አደራው ግን ከሕዝብ የመጣ፣ በሕዝብ የሚመራና ለሕዝብ የቆመ መንግሥት ከምድር እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ የወደቁት ደም ከንቱ የማይሆነው ሕዝቡ ራሱን ማስተዳደሩን ሲቀጥል ነው ማለታቸው ነው። ይህን የተናገሩት ሰው ገና ዓመት ሳይሞላቸው ሊያሸንፋቸው ለሚችል ምርጫ ራሳቸውን አቀረቡ። ንግግሩንና ምርጫውን ለያይቶ ማንበብ አደራውን ግማሹን ብቻ መቀበል ነው።

ከዚያ ብዙ ወደ ኋላ ብንሄድም ይኸው ነገር አለ። አቴናውያን በጦርነት የወደቁትን ሲቀብሩ አጽማቸውን በነገድ በነገድ በዐሥር ሣጥን ያደርጉ ነበር፤ አስከሬናቸው ላልተገኘው ደግሞ አንድ ባዶ ቃሬዛ ተነጥፎ አብሮ ይሄዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ክረምት የዚያን ዓመት ሙታን በንግግር ያሰናበተው የአቴና መሪ ፔሪክሊስ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ያው ሕዝብ፣ ጦርነቱም ወረርሽኙም እያለ፣ ፔሪክሊስን ከሥልጣኑ አውርዶ ገንዘብ ቀጣው፤ ከዚያም መልሶ መረጠው። ቅጣቱ ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ክርክር ነው። ባዶውን ቃሬዛ ተሸክሞ ያለቀሰው ሕዝብና መሪውን የጠየቀው ሕዝብ ግን አንድ ሕዝብ ነበር፤ ሐዘኑ ከመጠየቅ አላገደውም።

ልጃቸውን ያጡ እናቶችም በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። በኢራቅ ጦርነት ልጃቸውን ካጡት አሜሪካውያን ወላጆች መካከል ጦርነቱን እስከ መጨረሻ የደገፉ አሉ፤ አደባባይ ወጥተው የተቃወሙም አሉ። ጸሐፊው በሚሉት መንገድ ከሄድን ተቃዋሚዋን እናት የገዛ ልጅሽን ደም ደመ ከልብ አደረግሽው ልንላት ነው። ይህን ቃል በፊቷ ቆሞ ለመናገር የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ጸሐፊውም ራሳቸው አይሉትም ብዬ አምናለሁ። ለወደቀው ወታደር የሚገባው የመጀመሪያው ክብር እውነቱን መናገር ነው፦ ስሙ ማን ነበር፣ የት ወደቀ፣ ማን ላከው፣ ለምን ተላከ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1991 እስከ 2009 ድረስ ወደ ዶቨር አየር ኃይል ሰፈር የሚገቡ የወታደሮች የሬሳ ሣጥኖች ፎቶግራፍ እንዳይነሡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው የቤተሰብን ሐዘን ለመጠበቅ ነው ተባለ፤ ሲነሣ ግን ውሳኔው ለቤተሰቦቹ ተሰጠ፤ ከመጀመሪያውም መሆን የነበረበት ይኸው ነው። ሙታኑን ማክበርና ሙታኑን ከመራጩ ዓይን መሰወር የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ ድምፅ የሚሰጥ ሕዝብ የተከፈለውን ዋጋ ሳያይ ሊፈርድ አይችልም።

አሁን ጸሐፊው በመደምደሚያቸው ስለ ጠየቁት መለያየት ላንሣ። ወታደሮቹ በአንድ መዝገብ፣ መራጮቹ በሌላ መዝገብ ይሁኑ ይላሉ። የምርጫውን ሳምንት ብቻ ወስደን እንሞክረው። ጃንዋሪ 26 ቀን 2005 ምዕራብ ኢራቅ ውስጥ ሩትባ አካባቢ አንድ የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ወድቆ የተሳፈሩት 31 ወታደሮች በሙሉ ሞቱ፤ ይጓዙ የነበረው የምርጫውን ጸጥታ ለማስከበር ነበር። በምርጫው ዕለት ደግሞ አንድ የብሪታንያ የጭነት አውሮፕላን ተመትቶ 10 ወታደሮች አለቁ። በዚያው ዕለት ባግዳድ ውስጥ በአንድ የምርጫ ጣቢያ በር ላይ ይጠብቅ የነበረ ኢራቃዊ ፖሊስ፣ ወደ ሰልፉ ሲቀርብ ያየውን አጥፍቶ ጠፊ በክንዱ አቅፎ ከሰዎቹ አራቀውና አብሮት ሞተ። መለዮ ለባሽ ስለ ነበረ በወታደሮቹ መዝገብ ይግባ? የሞተው በኮሮጆ በር ላይ፣ ከኋላው ለተሰለፉት መራጮች ሲል ስለ ሆነ በመራጮቹ ይግባ? ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ይህን ነው፤ የዚህን ፖሊስ ስም በየትኛው መዝገብ ላይ ይጽፉታል?